«አቋርጧል» ተብሎ እንዳይጻፍ፦ ስለሚወጡ ተማሪዎች ለመዝገብ ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን፣ ለሬጅስትራርና ለመዝገብ ክፍል ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ወላጆች

ጉዳዩ፦ የትምህርት ዘመኑ ሳይጠናቀቅ ወጥተው በውጭ አገር ቤታቸው ስለሚማሩ ልጆች

ክቡራንና ክቡራት፣

ወላጅ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ጉዞው የትምህርት ቤቱን ካላንደር አይጠብቅም። ቪዛው ሴሚስተሩ ሲጋመስ ይወጣል፤ የሥራ ውሉ ፈተና ሊደርስ ሲል ይጀምራል። ልጆችም ከክፍላቸው ተነሥተው ይሄዳሉ። በደረሱበት አገር ቆይታቸው አጭር ስለሆነ፣ ቋንቋው ስላልተያዘ ወይም በቅርብ ባለ ትምህርት ቤት ቦታ ስላልተገኘ ወላጆቻቸው ቤት ያስተምሯቸዋል። ቤት መማር ይሻላል አይሻልም የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ ይሁን። እኛ እንዲህ ያሉ ልጆችን በመሸኘትና በመቀበል ሥራ ላይ ያለን መምህራንና ወላጆች ነን፤ ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጁ በሚወጣበት ቀን ከስሙ ፊት ለፊት የሚጻፈው ቃል ትክክለኛው ይሁን፤ እስከዚያ ቀን የሠራውም በወረቀት ይውጣለት።

ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ወላጅ በጥድፊያ ላይ ስላለ ለክፍል ኃላፊው መምህር በቃል ይነግራል፦ «ከሰኞ ጀምሮ አይመጣም።» መምህሩም መልካም ጉዞ ብሎ ይሸኛል። መዝገብ ክፍል የሰማው ነገር የለም። ስም መጥሪያው ሰኞ ቀሪ፣ ማክሰኞ ቀሪ፣ ረቡዕ ቀሪ እያለ ይሞላል። ሴሚስተሩ ሲዘጋ ሮስተር (የክፍሉን ውጤት ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) የሚሠራው ሰው ፊቱ ያለው ይኸው የቀሪ ሰልፍ ብቻ ስለሆነ በመጨረሻው ዓምድ ላይ «አቋርጧል» ብሎ ይዘጋዋል። ጥፋቱን በእሱ ላይ መጣል አይቻልም፤ የያዘው መረጃ የሚለው ያንኑ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ሲመለስ ወይም ሌላ አገር ትምህርት ቤት ለመግባት ሲያመለክት ግን ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የሚያነበው ያችን ቃል ነው። ትምህርት ያቋረጠ ልጅና ትምህርቱን ሌላ ቦታ የቀጠለ ልጅ በዚያ ወረቀት ላይ አንድ ናቸው።

ማርኩ ላይ ያለው ጉዳት ከዚህ ይብሳል። በቁጥር እንየው። በአንድ ሴሚስተር ሒሳብ ከ100 ይያዛል እንበል፦ ሁለት አጫጭር ፈተናዎች እያንዳንዳቸው ከ10፣ የቡድን ሥራ ከ10፣ አጋማሽ ፈተና ከ20፣ ማጠቃለያ ፈተና ከ50። ተማሪዋ አጋማሹን ተፈትና ወጣች። ያገኘችው 9፣ 8፣ 8 እና 17 ነው፤ ድምሩ 42። እስከዚያ የተያዘው ከ50 ስለሆነ ውጤቷ 84 በመቶ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ናት። ሮስተሩ ላይ ግን የማጠቃለያው ሳጥን ባዶ ይቀርና ድምሩ «42 ከ100» ሆኖ ይወጣል፤ ወድቃለች ማለት ነው። በኤክሴል የሚሠራ ሰው ይህን ወጥመድ ያውቀዋል። አማካይ የሚያወጣው ፎርሙላ ባዶ ሳጥንን ይዘለዋል፤ ዜሮ የተጻፈበትን ግን ይቆጥራል። ድምር የሚያወጣው ደግሞ ባዶውንም ዜሮውንም እኩል ያያቸዋል። ባዶ ሳጥን ደስ የማይለው ጸሐፊ ዜሮ ሞልቶ ከሄደ የክፍሉ አማካይ ሁሉ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የወጣችው ልጅ ብቻ አይደለም፤ የመምህሩም የዓመት ሪፖርት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የወጣ ተማሪ ረድፍ በወጣበት ቀን ይቆለፍ፣ ከክፍል አማካይና ከደረጃ ስሌት ይውጣ፣ እያንዳንዱ ማርክ ከነ«ከስንት»ው ይጻፍ። «42» ብቻውን ትርጉም የለውም፤ «42 ከ50፣ ማጠቃለያ ፈተና አልተሰጠም» ትርጉም አለው።

ልጁ ይዞት መሄድ ያለበት ወረቀት ምን ምን እንደሆነ በዝርዝር እንነጋገር።

የመጀመሪያው መሸኛው ነው። የልጁ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የክፍል ደረጃ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል የገባበት ቀንና የወጣበት ምክንያት ይኖሩበታል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። በአንድ አናባቢ ወይም በአንድ የተደረበ ተነባቢ ልዩነት የተመለሰ ማመልከቻ ቁጥር የለውም። ጸሐፊዋ በጆሮዋ እንደሰማችው ከመጻፏ በፊት የፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒ ትጠይቅ። ሁለት የዘመን አቆጣጠር በሚሠራበት ትምህርት ቤት ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ አለበለዚያ የልጁ ዕድሜ በወረቀት ላይ ብዙ ዓመት ይጨምራል።

ሁለተኛው ያልተጠናቀቀው ሴሚስተር ውጤት ነው፤ ከላይ ባልነው መንገድ። ሦስተኛው የቀደሙት ዓመታት ትራንስክሪፕት ነው፤ ከጀርባው የማርክ አሰጣጡ ትርጉም ይታተምበት፦ ማለፊያው ስንት ነው፣ ኤ የሚባለው ከስንት ጀምሮ ነው። 70 በአንዱ አገር መካከለኛ ነው፤ በሌላው ከክፍሉ አንደኛ የሚያስወጣ ነው።

አራተኛውን ማንም አይሰጥም፤ ለቤት ትምህርት ግን ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት «የት ደርሰን ነበር» የምትል አንዲት መስመር ናት፦ የመጽሐፉ ስም፣ የታተመበት ዓመት፣ የመጨረሻው ምዕራፍና ገጽ። መምህሩ በ5 ደቂቃ ይጽፋታል። እሷ ከሌለች ወላጅ መጽሐፉን ከገጽ 1 ይጀምራል፤ ልጁ የሚያውቀውን ለሁለት ወር እየደገመ ይሰላቻል፤ ወይም ወላጅ «ይህንንስ ሳይማረው አይቀርም» ብሎ ዘልሎ ያልፍና ያልተማረው ምዕራፍ ሳይታወቅ ይቀራል። ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ከሆነ የድጋፍ ዕቅዱና የምዘና ሪፖርቱ አብረው ይሂዱ። የንባብ ችግር ያለበት ልጅ ምዘናውን ሳይዝ ከሄደ ሌላ አገር ላይ «ቋንቋው አልገባውም» ተብሎ ዓመት ሊያልፍበት ይችላል።

ሁሉም በሁለት ቅጂ ይሠራ። አንደኛው ተከፍቶ ለወላጅ ይሰጥ፤ ሁለተኛው ፖስታው ታሽጎ መዝጊያው ላይ ማኅተም ይረፍበት። ብዙ ተቀባይ ትምህርት ቤቶች ያልታሸገውን አይቀበሉም፤ ወላጅ ደግሞ የታሸገውን ከፍቶ ለማየት ይገደድና ያበላሸዋል። ማረጋገጫውም እዚሁ ይታሰብ። ላኪውም ተቀባዩም አገር የ1961ዱን (እ.ኤ.አ.) የሄግ አፖስቲል ስምምነት፣ ማለትም የአንዱ አገር ሰነድ በሌላው እንዲታመን የሚያደርገውን ውል፣ ከፈረሙ አንድ ማረጋገጫ ይበቃል። ካልሆነ ሰነዱ ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ወደ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያም ወደ ኤምባሲው ይዞራል። በዚህ ዙር ወረቀቱን የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፦ የፈረመው ርዕሰ መምህር የፊርማ ናሙና ከበላይ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ አልተላከም። አዲስ ርዕሰ መምህር የተሾመበት ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን ዛሬውኑ ይመልከት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለወላጆች ነው።

በቃል አትሰናበቱ። ከጉዞው 6 ሳምንት በፊት ደብዳቤ ጻፉ፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የልጁን ስምና ክፍል፣ የመጨረሻውን የትምህርት ቀን፣ የምትሄዱበትን አገር፣ ትምህርቱ ቤት እንደሚቀጥልና የምትፈልጓቸውን ወረቀቶች ዝርዝር ይያዝ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና በእናንተው ቅጂ ላይ የተቀበሉበት ቀንና ማኅተም ይረፍበት። ያ ማኅተም ያለበት ቅጂ ከፓስፖርት ጋር አብሮ የሚጓዝ ነው። ልጃችሁን በግል ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ከሆነ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ፤ የአንድ ተርም ቅድመ ማስታወቂያ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ዘግይታችሁ ካሳወቃችሁ ልጁ ያልገባበትን ተርም ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ክሊራንሱን (የትምህርት ቤቱ ንብረትም ሆነ ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጠውን ወረቀት) እስከ መጨረሻው ቀን አታቆዩት። አንድ ያልተመለሰ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ትራንስክሪፕት ሲያግት ማየት የተለመደ ነው።

ፈቃድና መልቀቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የምትሄዱ ከሆነ ልጁን አታስወጡት፤ የጽሑፍ ፈቃድና የሚሠራውን ሥራ ጠይቁ፤ ቦታው ይጠበቅለታል። ከአንድ ተርም በላይ ከሆነ መልቀቅ ይሻላል። በመካከል ያለው ለሁለቱም አይመችም፤ ፈተናው በዚያ መካከል የሚወድቅ ከሆነ ቀድሞ እንዲፈተን ጠይቁ። የሚቀረው ከአራት ሳምንት በታች ከሆነ ደግሞ ከወላጆች አንዱ ከልጁ ጋር ቆይቶ ሴሚስተሩን ማስጨረሱ ለአውሮፕላን ቲኬት ለውጥ ከሚወጣው ገንዘብ በላይ ዋጋ አለው። ይህ የእኛ ሚዛን ነው፤ የተጠናቀቀ ሴሚስተር የሚያስቀረውን ጣጣ ስለምናውቅ ነው።

የምትወጡበት አገር ሕግም ራሱን የቻለ ነገር ነው (ከዚህ በታች ስለ ሕግ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በእንግሊዝ በመደበኛ ትምህርት ቤት ያለን ልጅ ለማስወጣት በአብዛኛው የወላጅ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይበቃል፤ ትምህርት ቤቱ ስሙን ከመዝገብ ሰርዞ ለአካባቢው አስተዳደር ያሳውቃል። በአካባቢው አስተዳደር አማካይነት ልዩ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ግን የአስተዳደሩን ስምምነት ይጠይቃል። ድንበሩን ተሻግራችሁ ስኮትላንድ ስትደርሱ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲማር የነበረን ልጅ ለማስወጣት በ1980ው የትምህርት ሕግ መሠረት የአካባቢው ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ማስታወቂያና ፈቃድ የሚሉት ሁለት ቃላት በአንዲት ደሴት ላይ እንኳ አይገጥሙም። ማስታወቂያ ሳይሰጥ የቀረ ደግሞ ቅጣት አለው፤ በእንግሊዝ ከኦገስት 2024 ጀምሮ በ10 የትምህርት ሳምንታት ውስጥ ያለ ፈቃድ 5 ቀን የሚሞላ መቅረት ትምህርት ቤቱን ቅጣት እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ የሚቆረጠውም ለእያንዳንዱ ወላጅና ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ነው።

የምትደርሱበት አገር ሕግ ከዚህም ይከብዳል፤ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት መታወቅ አለበት። «የራሴን ልጅ ቤቴ ባስተምር ማን ይከለክለኛል» የሚል ወላጅ ጀርመን ላይ ይደናገጣል። እዚያ ግዴታው የመማር ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት የመገኘት ነው፤ ነዋሪ ሆኖ ለተመዘገበ የውጭ ዜጋ ልጅም ይሠራል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006ም ሆነ በ2019 የጀርመንን አቋም ተቃውመው የመጡ ቤተሰቦችን አቤቱታ አልተቀበለም። በ2019 በተወሰነው ጉዳይ ልጆቹ ለሦስት ሳምንት ያህል ከወላጆቻቸው ተለይተው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ይህንንም የመብት ጥሰት አላለውም። ስዊድን ከ2011 ጀምሮ ቤት ማስተማርን የምትፈቅደው እጅግ የተለየ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው።

ፈረንሳይ ላይ የሚያሳስተው የቀኑ ነገር ነው። ከሴፕቴምበር 2022 በፊት ማሳወቅ ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕጉ የሚቀበላቸው ምክንያቶች አራት ናቸው፦ የልጁ ጤና ወይም አካል ጉዳት፣ ጥልቅ የስፖርት ወይም የጥበብ ሥልጠና፣ የቤተሰቡ ተዘዋዋሪነት ወይም ከትምህርት ቤት መራቅ፣ እና ለልጁ ብቻ የተለየ ትምህርታዊ ሁኔታ። ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ማመልከቻ በመደበኛው የሚቀርበው ከማርች 1 እስከ ሜይ 31 ነው። በኦክቶበር የምትደርሱ ከሆነ መስኮቱ ተዘግቷል ማለት ነው። የትምህርት ግዴታው ከ2019 ጀምሮ ከ3 ዓመት ስለሚነሣ «ገና ሕፃን ነው» ማለትም አይሠራም።

ኦስትሪያ ትፈቅዳለች፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ልጁ ቀርቦ ይፈተናል፤ ካላለፈ ትምህርት ቤት ይገባል። አየርላንድ ከሁሉም የተለየች ናት፤ የ1937ቱ ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 42 የልጅ የመጀመሪያ አስተማሪ ቤተሰቡ መሆኑን ይቀበላል፤ ሆኖም ከ6 እስከ 16 ዓመት ያለን ልጅ ቤት ለማስተማር መመዝገብ ያስፈልጋል። አሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ትፈቅዳለች፤ ደንቡ ግን እንደ ግዛቱ ነው። ኒው ዮርክ ቤት ማስተማር ከተጀመረ በ14 ቀን ውስጥ የማሳወቂያ ደብዳቤ፣ ከዚያ የዓመት የትምህርት ዕቅድ፣ ከዚያ በዓመት አራት ሪፖርት ትጠይቃለች፤ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በዓመት 900 ሰዓት፣ ከ7ኛ እስከ 12ኛ 990 ሰዓት መሙላት አለበት። ቴክሳስ የማሳወቂያ ደብዳቤ እንኳ አትጠይቅም። ሥራ ቀይራችሁ ከቴክሳስ ኒው ዮርክ ከሄዳችሁ ወላጆቹም ልጁም ያው ናቸው፤ የወረቀቱ ሥራ ግን ሌላ ነው።

ደንቡን ስትጠይቁ ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «ነዋሪ ሆነን ስንመዘገብ የስንት ዓመት ልጅ የትምህርት ግዴታ አለበት? ግዴታው በቤት ትምህርት ይፈጸማል? ማስታወቂያ ነው ወይስ ፈቃድ? እስከ መቼ?» መልሱን በኢሜይል ጠይቁ፤ በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ነገር በአጭሩ። ወላጆች ከተለያዩ ወይም አንደኛው ከቀረ፣ የቀረው ወላጅ የተረጋገጠ የስምምነት ደብዳቤ ይስጥ። ጉዞውን ብቻ ሳይሆን የትምህርቱንም ለውጥ ይጥቀስ። ያለ ስምምነት ልጅ ይዞ መውጣት ስለ ልጆች ጠለፋ የተደረገው እ.ኤ.አ. የ1980ው የሄግ ስምምነት በሚሠራባቸው አገሮች ልጁን የሚያስመልስ ክስ ሊያስከትል ይችላል፤ ትምህርት ቤቱም የአንዱን ወላጅ ፊርማ ብቻ አይቶ መሸኛ ከሰጠ በኋላ ይጠየቅበታል።

ማስተማሩን በተመለከተ፣ የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፈ ወላጅ ከሦስተኛው ሳምንት አያልፍም። አርባ ልጅ ላለበት ክፍል የተሠራ ሰሌዳ ስም መጥሪያው፣ ደብተር ማረሙና ዝም ማሰኘቱ ሁሉ በውስጡ አለ። ፊት ለፊት ለአንድ ልጅ ሲሆን ለዝቅተኛ ክፍሎች በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለመካከለኞቹ ሦስት፣ ለከፍተኞቹ አራትና አምስት ሰዓት የረጋ ሥራ በቂ ነው፤ የአገሩ ሕግ ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ንባቡ፣ ሙዚየሙና ቤተ መጻሕፍቱም ተመዝግበው ይቆጠራሉ። ሒሳብና የመማሪያው ቋንቋ በየቀኑ ይሁኑ፤ ሌላው በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይበቃዋል። ማኅበራዊ ሳይንስ ያመለጠው ልጅ በአንድ ክረምት አንብቦ ይይዘዋል። ሒሳብ ግን አንዱ ምዕራፍ በሌላው ላይ የተሠራ ስለሆነ ከመሐል የጎደለው ከሁለት ዓመት በኋላ አልጀብራ ላይ ይወጣል።

የውጭ መጽሐፍ ስትገዙ አጻጻፉን ተመልከቱ። በጀርመንና በፈረንሳይ ሦስት ተኩል የሚጻፈው 3,5 ተብሎ በኮማ ነው፤ የጀርመን መጽሐፍ ላይ 1.000 ካያችሁ አንድ ሺህ እንጂ አንድ አይደለም። የማካፈል አደራደሩም ይለያል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት አካፋዩ በግራ ከቅንፉ ውጭ ይቀመጣል፤ በፈረንሳይኛዎቹ በቀኝ ከመስመሩ ወዲያ ነው። ልጁ ማካፈል ያልቻለ ይመስላል፤ የጠፋበት ግን የቁጥሮቹ መቀመጫ ነው። ልጁ ወደ መጣበት ትምህርት ቤት የሚመለስ ከሆነ አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ ያዙ፤ ሌላውን እንዲያውቀው ብቻ አድርጉ።

አሁን ስለ መዝገቡ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብንል አይከፋም። «ቤት ተምሯል» የሚል ወላጅ ምን ይዞ ይመጣል? ደብተር ሙሉ የልጅ ጽሑፍ ይዞ ቢመጣ ቀን ካልተጻፈበት አንድም መስካሪ የለውም። በየቀኑ መጨረሻ አንዲት መስመር ጻፉ። ምሳሌ፦ «ሐሙስ፤ ሒሳብ፤ ገጽ 64–66፤ 45 ደቂቃ፤ ከ12 ጥያቄ 9 ትክክል፤ ሦስቱ የተሳሳቱት ታሕታቸው የሚለያይ ክፍልፋዮችን ሲደምር፤ ½ እና ⅓ን ደምሮ ⅖ ብሏል።» ይህችን መስመር ያነበበ መምህር ልጁ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት እየደመረ መሆኑንና የጋራ ታሕት እንዳልገባው ወዲያው ያያል። «ሒሳብ ተማርን፤ ጎበዝ ነበር» የሚለው መዝገብ ለማንም አይጠቅምም። በየወሩ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ሦስት ሥራ አስቀምጡ፦ ከወሩ መጀመሪያ፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው። የታረመበት ምልክት ይታይ፤ ስሕተቱ አይሰረዝ። ፍጹም ንጹሕ የሆነ ፋይል ወላጅ የሠራው ይመስላል። የሳይንስ ሙከራ ከሠራችሁ ልጁ በእጁ የጻፈው ሰንጠረዥ ከፎቶግራፉ ይበልጣል። በየሦስት ወሩ ደግሞ ወላጅ ያልሆነ ሰው ይፈትነው፤ መምህር የሆነ ጓደኛ ወይም በኢንተርኔት የሚያስተምር ባለሙያ ቢሆን ይበቃል፤ ፊርማውና ሙያው ከወረቀቱ ላይ ይስፈር።

የብሔራዊ ፈተና ክፍል ላይ ያለ ልጅ ለብቻው ይታይ። ከተቻለ በዚያ ዓመት አይውጣ። ግዴታ ከሆነ የፈተናው ምዝገባ ከፈተናው ብዙ ወራት ቀድሞ እንደሚዘጋ አትርሱ። ወደ ዓለም አቀፍ ፈተና መዞርም ይቻላል፤ ለምሳሌ አይጂሲኤስኢ የተባለውን የካምብሪጅ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና በግል መፈተን አለ፤ ግን ምዝገባው የግል ተፈታኝ በሚቀበል የፈተና ማዕከል በኩል ነው፤ ሁሉም ማዕከል አይቀበልም። ሳይንስ ላይ የተግባር ፈተናው ሁለት መልክ አለው፦ ላቦራቶሪ ገብቶ የሚሠራው ፔፐር 5 እና በጽሑፍ የሚተካው ፔፐር 6። ላቦራቶሪ የሌለው የቤት ተማሪ ፔፐር 6ን ይመርጣል። ከመጽሐፉ በፊት የሚፈለገው ማዕከሉ ነው፤ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያደርገዋል።

ወደ እናንተ እንመለስ፤ ክቡራን የመዝገብ ክፍል ኃላፊዎች። ልጁ አንድ ቀን ይመለሳል። ያን ጊዜ ሁለት ስሕተቶች ተራ በተራ ይሠራሉ። አንደኛው ያለ ምንም ፈተና ካቆመበት ክፍል ማስጀመር ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ ከ10 ዓመት ልጆች ጋር ይቀመጣል። ሁለተኛው በዕድሜው ብቻ ወደ ላይ መግፋት ነው። በሒሳብና በመማሪያው ቋንቋ የምደባ ፈተና ስጡት፤ ሌላው በሂደት ይታያል። ፈተናው የልጁ ክፍል ካቆመበት ደረጃ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ይሁን፤ ያቃተው ቦታ ሲደርስ ይቁም። ረጅም በረራ አርፎ በማግሥቱ አይፈተን፤ ከሩቅ የሰዓት ቀጠና የመጣ ልጅ እንቅልፉ እስኪስተካከል አንድ ሳምንት ስጡት። የትምህርት ዘመኑም አይገጥም ይሆናል። ጃፓን በኤፕሪል፣ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ በዓመቱ መጀመሪያ፣ ብዙ የሰሜን ንፍቀ ክበብ አገሮች በሴፕቴምበር ይጀምራሉ፤ ስለዚህ «ግማሽ ክፍል» የጎደለው ወይም የተረፈው ልጅ ቢመጣ ጥፋቱ የካላንደሩ ነው። ቀኑ የተጻፈበት መዝገብ፣ የሥራ ናሙናና የውጭ ሰው ምዘና ይዞ የመጣን ቤተሰብ «ቤት የተማረ አንቀበልም» ብሎ መመለስ ልጁን ሁለተኛ ጊዜ ከትምህርት ቤት ማስወጣት ነው።

ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ ከሌላችሁ ቅጽ እስኪወጣ አትጠብቁ። የሚከተለውን በትምህርት ቤታችሁ ራስጌ ወረቀት ላይ አትሙትና ክፍት ቦታዎቹን ሙሉ፦

«ተማሪ ………፣ የትውልድ ቀን ………፣ በዚህ ትምህርት ቤት የ……ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ/ሆና ከ……… እስከ ……… ተምሯል/ተምራለች። የመጨረሻው የክፍል ቀን ………። ከተቆጠሩት …… የትምህርት ቀናት …… ቀን ተገኝቷል/ተገኝታለች። የወጣው/የወጣችው በወላጅ የጽሑፍ ማስታወቂያ ሲሆን ምክንያቱ ከቤተሰብ ጋር ወደ ውጭ አገር መሄድና ትምህርትን በቤት መቀጠል ነው። የመዝገብ ሁኔታ፦ በመሸኛ የተለቀቀ/የተለቀቀች። ከዚህ ጋር የተያያዙት ውጤቶች እስከ ወጣበት/እስከ ወጣችበት ቀን የተያዙ ብቻ ናቸው፤ ያልተሰጡ ፈተናዎች እንደ ዜሮ አይቆጠሩም። ትምህርቱ የደረሰበት ምዕራፍና ገጽ በአባሪ …… ተገልጿል።»

ከሰላምታ ጋር
ተማሪዎችን በመሸኘትና በመቀበል ሥራ ላይ ያለን መምህራንና ወላጆች